ሊዮ ፌንደርና ስድስቱ የማግኔት ዘንጎች

የኤሌክትሪክ ጊታር ቀርቦ ያየ ሰው ከክሮቹ ሥር የተገጠሙትን ትንንሽ ሣጥኖች ሳያስተውል አይቀርም። በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ ስድስት ክብ የብረት ጫፎች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ለእያንዳንዱ ክር አንድ አንድ መሆኑ ነው። ይበልጥ ጠጋ ብሎ የተመለከተ ደግሞ በብዙ የቆዩ ጊታሮች ላይ ጫፎቹ እኩል አለመሆናቸውን ያያል። አንዱ ከፍ፥ ሌላው ዝቅ ብሏል። ነገሩን የማያውቅ ሰው የፋብሪካ ስሕተት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስሕተት ግን አይደለም። የሕይወቱን ታሪክ በዚህ ጽሑፍ ልናቀርብላችሁ የተነሣነው ሊዮ ፌንደር ዘንጎቹን ከፍና ዝቅ ያደረጋቸው አስቦና ሞክሮ ነው። ከዕድሜውም የሚበዛውን ያሳለፈው ሰው ሁሉ ትኩር ብሎ በማያያቸው በእንዲህ ያሉ የሚሊሜትር ጉዳዮች ላይ ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ሰው ጊታር መጫወት አለመቻሉ ነው። (በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር ኦገስት 10 ቀን 1909 በአሜሪካ አገር፥ በደቡብ ካሊፎርኒያ ተወለደ። ወላጆቹ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች መካከል ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬዎች ነበሩ፤ እርሱም የተወለደው በዚያው በእርሻው ላይ በነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። ስምንት ዓመት ሲሆነው በግራ ዓይኑ ላይ ዕጢ በቀለበት። ሐኪሞችም ዓይኑን አውጥተው በምትኩ የብርጭቆ ዓይን አደረጉለት። በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ የዕድሜ እኩዮቹ ወደ ጦር ግንባር ሲዘምቱ እርሱ በዚህ ምክንያት ለውትድርና ሳይመለመል ቀርቷል።

በ1922፥ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሱቅ የነበረው አጎቱ አንድ ሣጥን ሙሉ የተጣሉ የራዲዮ ዕቃዎችና አንድ ባትሪ ላከለት። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አጎቱ ሱቅ ሄዶ አጎቱ ከትርፍራፊ ዕቃ የሠራውን ራዲዮ አየ። ከራዲዮው ቀንድ የሚወጣው ኃይለኛ ሙዚቃ በልቡ ተቀረጸ። ከዚያ ወዲህ በወላጆቹ ቤት የሰዎችን ራዲዮ እየፈታ መጠገን ጀመረ። በልጅነቱ ፒያኖ፥ ቀጥሎም ሳክስፎን ተምሮ ነበር፤ ነገር ግን ልቡ ከመጫወቱ ይልቅ ወደ መሣሪያው ያደላ ነበር።

በ1928 በፉለርተን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ በዚያው ከተማ ኮሌጅ ገባ። የተማረው ግን ኤሌክትሪክ እንዳይመስላችሁ፤ የሒሳብ አያያዝ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ አንድም መደበኛ ትምህርት ሳይወስድ የሚያውቀውን ሁሉ በመጽሐፍና በእጁ ሥራ አገኘው። ኮሌጁን ከተወ በኋላ የበረዶ ፋብሪካ ዕቃ አመላላሽ፥ ቀጥሎም የዚያው ፋብሪካ ሒሳብ ያዥ ሆነ። በ1934 አስተር ክሎስኪ የምትባል ልጅ አገባ። ከዚያም በካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረ። ዘመኑ ግን በአሜሪካ ታላቅ የኢኮኖሚ ውድቀት የደረሰበት ነበርና የሥራ መደቡ ታጠፈ። ወደ አንድ የጎማ ድርጅት ቢዛወርም ከስድስት ወር በኋላ ያንንም አጣ። በ1938 ስድስት መቶ ዶላር ተበድሮ ወደ ፉለርተን ተመለሰና የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። እነዚያ ሁለት ሥራዎች ባይጠፉበት ኖሮ ምናልባት በሒሳብ መዝገብ ላይ አጎንብሶ ይኖር ነበር ብለን እንገምታለን።

ወደ ሱቁ ራዲዮ ብቻ አልነበረም የሚመጣለት። ሙዚቀኞችም ማጉያቸው ሲበላሽ፥ የጊታራቸው ድምፅ አልሰማ ሲል ይዘውለት ይመጣሉ። በዚያ ጊዜ ባንዶች እየበዙ፥ የጭፈራ አዳራሾችም እየሰፉ ሄደው ስለ ነበር የጊታር ድምፅ በመለከትና በከበሮ መካከል ተውጦ ይቀር ነበር። ፌንደርም ከዶክ ካውፍማን ጋር ተሻርኮ በጉልበት ላይ ተጋድመው የሚመቱ የሐዋይ ጊታሮችና ማጉያዎች መሥራት ጀመረ። በ1944 አዲስ ዓይነት የድምፅ መቀበያ አስመዝግቦ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ መብቱም በ1948 ተሰጠው። በዚያ መቀበያ ክሮቹ ከሽቦው ጥቅል በላይ ሳይሆን በጥቅሉ መካከል ያልፉ ነበር። ለመሞከሪያ ሲሉ ከወፍራም ጣውላ የሠሩትንም ሻካራ ጊታር የአካባቢው ሙዚቀኞች አንዴ ከሰሙት በኋላ በኪራይ ይወስዱት ጀመር። ለመታየት ያልተሠራ ዕቃ ተራ የሚጠበቅለት ሆነ። በ1946 ካውፍማን ሽርክናውን ሲተው ፌንደር ለብቻው ድርጅት አቋቋመ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ለጥቂት አቁመን ስለ መሣሪያው እንናገር፤ ይህን ያላወቀ ሰው የፌንደርን ሥራ ሊረዳው አይችልምና። በፊዚክስ ክፍል ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የመለኪያው ቀስት ሲወዛወዝ ያየ ተማሪ ነገሩን ግማሽ አውቆታል። ይህን ሕግ ማይክል ፋራዴይ በ1831 አግኝቶታል። ሙዚቀኞች ፒክአፕ በሚሉት የጊታር ድምፅ መቀበያ ውስጥ ስድስት የማግኔት ዘንጎች ቆመው በዙሪያቸው ከጠጉር የሚቀጥን የመዳብ ሽቦ ስምንት ሺህ ያህል ጊዜ ይጠመጠማል። ማግኔቱ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው ከበላዩ ያለው የብረት ክር ነው። ማግኔቱ ክሩን ራሱን ማግኔት ያደርገዋል፤ ክሩ ሲርገበገብም በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይል ይጨምራል፥ ይቀንሳል። ከዚህም የተነሣ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይወለዳል፤ ማጉያው ያንን አጉልቶ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ስለዚህ ክሩ የግድ ብረት መሆን አለበት። የጅማት ክር ያለው የጥንት ክራራችን ከእንዲህ ያለ መቀበያ በላይ ቢያዝ ምንም ያህል አሳምረን ብንመታው ማጉያው ጸጥ ይላል።

የማግኔት ኃይል ደግሞ ከርቀት ጋር እጅግ ቶሎ የሚደክም ነው። የዘንጉ ጫፍ አንድ ሚሊሜትር ወደ ክሩ ሲቀርብ የዚያ ክር ድምፅ ይጎላል፥ ሹልና ደማቅም ይሆናል፤ አንድ ሚሊሜትር ሲርቅ ይለዝባል፥ ይቀንሳል። ታዲያ ሁሉንም ወደ ክሩ ማስጠጋት ነው ብሎ የሚያስብ ይኖር ይሆናል። እንዲህም አይሆንም። ማግኔቱ ከመጠን በላይ ሲቀርብ ክሩን ይስበዋል። የተሳበ ክር በነጻ አይርገበገብም፤ ድምፁ ቶሎ ይሞታል፥ ቃናውም ይዛባል። ይልቁንም በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ጣት ወደ አንገቱ መጨረሻ ሲወጣ ሁለት ድምፅ እርስ በርሱ የሚጋጭ ያህል ይንቀጠቀጣል። በጠቅላላው ጊታሩ በመጨረሻው መደብ ላይ ተጭኖ ሲለካ በክሩና በዘንጉ መካከል 2 ወይም 2.5 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ይደረጋል። በዚች ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው ፌንደር የሠራው።

በ1950 ያወጣው የመጀመሪያው ባለ ጣውላ ጊታር፥ በሚቀጥለው ዓመት ቴሌካስተር ተብሎ የተሰየመው፥ ዘንጎቹ እኩል ነበሩ። በሥራ ላይ ሲውል ግን አንዳንዱ ክር ይጮሃል፥ አንዳንዱ ያንሳል። ምክንያቱ በክሮቹ ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን ሦስተኛው ክር እንደ ወፍራሞቹ ሁሉ ሽቦ የተጠመጠመበት ሲሆን በውስጡ ያለው የብረት እምብርት ቀጭን ነው። ስለዚህ ለማግኔቱ የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነበር። ሁለተኛው ክር በአንጻሩ ምንም ያልተጠመጠመበት፥ ወፈር ያለ ሙሉ ብረት ነው፤ ስለሆነም ከጎረቤቶቹ በላይ ይጮሃል። በዚህ ላይ የጊታሩ አንገት ገጽ ጠፍጣፋ ሳይሆን ጎበጥ ያለ ስለ ነበር መካከለኞቹ ክሮች ከዳርና ዳሮቹ ከፍ ብለው ያልፋሉ፤ ከእኩል ዘንጎችም ይርቃሉ።

ፌንደር እነዚህን ጉድለቶች በራሱ እጅ መትቶ ሊያውቃቸው አይችልም ነበር። ጊታር መቃኘት እንኳ አልተማረም። ያደረገው ነገር ቢኖር የሚጫወቱትን መስማት ነው። ማታ ማታ ወደ ጭፈራ አዳራሾች ይሄዳል፤ ሌላው ሲጨፍር እርሱ ማጉያው አጠገብ ቆሞ ያዳምጣል። አዲስ ናሙና ሲሠራ ለሙዚቀኞች ይሰጥና ከሥራ ሲመለሱ ምን እንደ ጎደለው ይጠይቃቸዋል። ከእነዚህም መካከል ቢል ካርሰን የተባለው ጊታሪስትና በ1953 ወደ ድርጅቱ የገባው የሐዋይ ተወላጅ ሙዚቀኛ ፍሬዲ ታቫሬስ ዋነኞቹ ናቸው። እኛ እንደምናስበው አለመጫወቱ ሳይጠቅመው አልቀረም። የሚጫወት ሰው የራሱን ጣት ለማስደሰት ይሠራል፤ እርሱ ግን የሚሠራው ለሌላ ሰው ስለ ነበር ለመጠየቅ አላፈረም።

በ1954 ስትራቶካስተር የተባለው ጊታር ወጣ። ሦስት መቀበያዎች ነበሩት፤ ዘንጎቻቸውም እንደ ክሮቹ ጠባይ ከፍና ዝቅ ተደርገው ተተክለዋል። የሦስተኛው ክር ዘንግ ከፍ ብሎ ወጣ፤ የሁለተኛው ከሁሉ ዝቅ አለ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላ ይሆናል፥ ነገር ግን ስድስቱ ክሮች በአንድ ድምፅ እንደሚዘምሩ መዘምራን ተስማሙ። ብዙም ሳይቆይ የቴሌካስተሩ ዘንጎች እንደዚሁ ተደረጉ።

አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል። የፌንደር ዘንጎች ራሳቸው ማግኔቶች ናቸው፤ ከላይና ከታች ባለ ሳህን ተጨምቀው ተይዘዋል፥ ቀጭኑም ሽቦ የተጠመጠመው በቀጥታ በላያቸው ነው። ስለዚህ አንዴ የተተከለ ዘንግ አይንቀሳቀስም። በብሎን መቀበያውን በሙሉ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ስድስቱም አብረው ይሄዳሉ እንጂ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አይለወጥም። ዘንጉን በጣት ተጭኖ ለማስተካከል የሞከረ ሰው ሽቦውን ቆርጦ መቀበያውን እንዳያበላሽ ያሠጋዋል። በዚያው ዘመን ሌሎች ጊታር ሠሪዎች የሚዞር ብሎን ያለበት መቀበያ ይሠሩ ነበር። ፌንደር ያንን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የራዲዮ ጠጋኝ ነበርና የማይፈታ፥ የማይንኳኳ፥ በርካሽ የሚሠራ ነገር ይወድ ነበር ብለን እንፈርዳለን።

በ1951 ባወጣው የቤዝ ጊታር ላይም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ነበር። ለእያንዳንዱ ወፍራም ክር አንድ ዘንግ ብቻ ስለ ነበረ ክሩ ሲመታ ልክ በማግኔቱ አናት ላይ ይወዛወዝና ድምፁ እንደ ዱላ ምት ድንገት ይመጣል፤ ይህም ለድምፅ ማጉያው የማይመች ነበር። በ1957 መቀበያውን ለሁለት ከፍሎ ለአንድ ክር ሁለት ዘንግ፥ አንዱን በዚህ ጎን አንዱን በዚያ ጎን አቆመ። ክሩ ከአንዱ ሲርቅ ወደ ሌላው ይቀርባልና ምቱ ለዘበ። ሁለቱ ግማሾች በተቃራኒ በመያያዛቸውም ከመብራት መሥመር የሚገባው እምምታ ተወገደ። ይህ መቀበያ ከፌንደር ሥራዎች ሁሉ ምናልባት ከሁሉ የበለጠ የተሳካለት ነው።

ከ1955 ጀምሮ ግን ፌንደር በአፍንጫ አካባቢ የሚያሠቃይ ብርቱ ሕመም ያዘው። ዓመት ዓመትን እየተከተለ ሕመሙ አልለቅ አለ። ብዙ ዕድሜ የቀረው መስሎ አልታየውምና በ1965 መጀመሪያ ድርጅቱን ሲ.ቢ.ኤስ. ለሚባለው የራዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ለአሥር ዓመትም ከእነርሱ ጋር የሚወዳደር ሥራ ላለመሥራት ፈረመ። በኋላ ግን ሌላ ሐኪም መድኃኒት ሰጠውና ከዚያ ሁሉ ዓመት ሕመም ዳነ! ጤናው ሲመለስ ስሙ የተጻፈበት ፋብሪካ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

በዚሁ ጊዜ ጊታሪስቶች ክራቸውን መለወጥ ያዙ። የ1960ዎቹ ወጣቶች ክሩን በጣት ገፍተው ድምፁን ማጠፍ ይወዱ ስለ ነበር ቀጫጭን ክሮች ፈለጉ። ሦስተኛው ክርም ሽቦ የተጠመጠመበት መሆኑ ቀረና ሙሉ ብረት ሆነ። ያን ጊዜ ፌንደር ለደካማው ክር ብሎ ከፍ ያደረገው ዘንግ ከሁሉ በበለጠ ብርቱ በሆነ ክር ሥር ተገኘ። በ1954 ያስማማው መሣሪያ ሦስተኛውን ክር ከሌሎቹ በላይ የሚያስጮህ ሆነ። ዘንጉ እንደሆነ አይዞርም፥ አይወርድም። የልብስ ሰፊ ልኬት ለሰውየው ትክክል ሆኖ ሳለ ሰውየው የተለወጠ ያህል ነበር።

በዚህ አንጻር የጂሚ ሄንድሪክስን ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ቅር ይለናል። ሄንድሪክስ ግራኝ ነበር፤ ሆኖም ለቀኝ እጅ የተሠራውን ስትራቶካስተር ገልብጦ ይዞ ክሮቹን እንደገና በቅደም ተከተላቸው ያስር ነበር። ስለዚህ ለቀጭኑ ክር የተለካው ዘንግ በወፍራሙ ሥር፥ ለወፍራሙም የተለካው በቀጭኑ ሥር ዋለ። ለጎላው ለሁለተኛው ክር ተብሎ ዝቅ የተደረገው ዘንግ በአምስተኛው ሥር ገባ፤ ሁለተኛው ክርም ከፍ ያለ ዘንግ አገኘ። ነሐሴ 1969 በዉድስቶክ የሙዚቃ በዓል ላይ የያዘው ነጭ ጊታር እንዲህ የተገለበጠ ነበር። ከድምፁ ምን ያህሉ ከዘንጎቹ፥ ምን ያህሉ ከጣቶቹ እንደ መጣ የጊታር ሠሪዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። እኛ ለጣቶቹ እናደላለን።

ሲ.ቢ.ኤስ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የስትራቶካስተሩን ዘንጎች ሁሉ እኩል አደረጋቸው። በዚህም ከአዲሱ ሦስተኛ ክር የመጣው ጩኸት ቢቀንስም ሁለተኛው ክር ተመልሶ ከፍ አለ፤ አንገቱ ጎበጥ ያለ ሆኖ ሳለ ዘንጎቹ ቀጥ ማለታቸውም የራሱ ጣጣ ነበረው። አንድ ቋሚ ልክ ለሁሉ እንደማይሆን በሁለቱም መንገድ ታየ።

ፌንደር ግን ሥራውን አልተወም። የአሥሩ ዓመት ውል ሲያልቅ በ1975 ሙዚክ ማን የሚባለው ድርጅት ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1976 ስቲንግሬይ የተባለውን የቤዝ ጊታር አወጡ። በ1979 ባለቤቱ አስተር በካንሰር ሞተችበት። በሚቀጥለው ዓመት ፊሊስ የምትባል ሴት አገባ፥ ከድሮው የሥራ ጓደኛው ከጆርጅ ፉለርተን ጋርም ጂ ኤንድ ኤል የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሰባ ዓመት አልፎ ነበር።

ለዚህ ለመጨረሻው ድርጅቱ ባበጀው መቀበያ ውስጥ ዘንጎቹ ማግኔት አይደሉም። ማግኔቱ ከሥር የተጋደመ ጠንካራ የሴራሚክ ዘንግ ነው። ከላይ ያሉት ስድስቱ ለስላሳ ብረት ሆነው ከሥር የሚመጣውን የማግኔት ኃይል ወደ ክሩ ያደርሳሉ፤ እያንዳንዳቸውም በትንሽ ቁልፍ ወደ ላይና ወደ ታች ይዞራሉ። ሽቦው አይነካም፥ መቀበያው አይፈታም። ክሩን የለወጠ ሰው ዘንጉን አንድ ዙር ያህል ያወርዳል፥ ይመታል፥ ያዳምጣል፤ ካልተስማማው ደግሞ ግማሽ ዙር ይመልሳል። በ1954 ፌንደር ለሙዚቀኞች ብሎ ራሱ የወሰነውን ልክ በዚህ ጊዜ ለእያንዳንዱ ተጫዋች እጅ አስረከበው። ይህን ሲያደርግ የቀድሞ ሥራውን ስሕተት ነው ማለቱ ይሁን ወይም ዘመኑን ተከትሎ ማለፉ፥ በመካከላችን ስንወያይ አልተስማማንም። ከእኛ የሚበዙት ግን ከስሕተት አልቆጠሩትም። የመጀመሪያው ልክ ለመጀመሪያዎቹ ክሮች ትክክል ነበርና።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የፓርኪንሰን ሕመም ያዘውና እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለእንዲህ ያለ የሚሊሜትር ሥራ ከዚህ የከፋ ሕመም የለም። ቢሆንም በየቀኑ ወደ ሥራ ክፍሉ ይሄድ ነበር። ማርች 20 ቀን 1991 እንደ ልማዱ በፉለርተን ሲሠራ ዋለ። በማግሥቱ በ81 ዓመቱ አረፈ፤ በሳንታ አና ከተማም ተቀበረ።